ቆጣሪ

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከሰው ቤት ተጠግቼ፣
አራዳ በረንዳ ላይ መኪናዬን ዘርግቼ፣
የሰው ልብስ ስጠቅም የራሴን ቀን ረስቼ፣
ማታ ስገባ ግን እንደ ድመት ነበር፤
ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ሳሌን ውጬ በበር።
እትዬ አንጓች አትተኛም፤ ስትቆጥር ነው የምታድር፤
ስንጥር ብርሃን ካየች መስኮቱን ትከፍትና፦
«ኧረ መብራት! ኧረ!
ቆጣሪው ዞረብኝ፣ ልቤም አብሮ ዞረ!»

ዕቁቤ ወጣልኝ፤ ካማቼም ተበድሬ፣
አንደኛዋን መኪና ለጎረቤት ቸርችሬ፣
ደላላው ጓንጉልን ተከትዬ ዞሬ፣
ከወለቃ አዘዞ፣ ካዘዞ ማራኪ፣
እሱ ሲምል ሲገዘት፣ እኔ አዳማጭ፣ እሱ ሰባኪ፣
ገዛሁ ሦስት ክፍል፣ ጭቃ በሊሾ የታበሰ፣
ቆርቆሮው ከዝናብ ጋር ቃል ኪዳኑን ያፈረሰ።
በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁት፣ ሦስት በሦስት ተኩል፤
አልጋ ያስገባል፣ ወንበር ያስገባል፤ እንግዳ ግን በከፊል።

ሚስቴ ጥሩወርቅ ቀድማ አስጠነቀቀች፦
«ከኪራዩ ሲሶው የጣሪያው ነው» አለች።
እኔ ግን በወረቀት አባዝቼ አባዝቼ፣
በሦስተኛው ዓመት ፎቅ አቆምሁ፣ ተኝቼ።

አንደኛው ክፍል ይታየው፣ የሕክምና ተማሪ፣
ሌሊቱን ከአጥንት ሥዕል ጋር ሲያወራ አዳሪ።
ሁለተኛው ማስተዋል፣ ባጃጅ የሚነዳ፤
ኪራዩ ይዘገያል፣ በሰዓቱ የሚመጣው እንግዳ።
ሦስተኛው የሽመቤት፣ ከነልጇ፤ ባሏ የት እንዳለ
እኔም አልጠየቅሁ፣ ልጁም ዝም አለ።

ውል ጻፍን በሦስት ቅጂ፣ ምስክሩ ባለ ሱቁ፤
የሁለት ወር ቅድሚያ፣ የበር መዝጊያ ሰዓት፣ ሁሉንም አንብበው አወቁ።
ያላወቅሁት እኔ ነበርሁ፦
ውል ውሃ አይቀዳም።

ውሃ በአስራ ሰባት ቀን፣ ያውም ከሌሊቱ ስምንት፤
ቧንቧው ሲያስነጥስ ግቢው ይነሳል እንደ ሠራዊት።
ጀሪካን ከጀሪካን፣ ቢጫ ከቢጫ ይጋፋል፤
ማን ቀድሞ ወረፋ ያዘ? አከራይ ዳኛ ይሆናል፣
በቁምጣ።

የጥቅምት መብራት ሒሳብ መጣ። አየሁት፣ ደሜ ሰከረ፤
ወጣሁ ወደ ግቢ፣ አፌ ሳላዝዘው ተናገረ፦
«ኧረ መብራት! ኧረ!
ቆጣሪው ዞረብኝ፣ ልቤም አብሮ ዞረ!»

ቀጥ አልሁ።
የአንጓች ድምፅ ነው፣ ከኔ ጉሮሮ።
እሷን ከቀበርን ስድስት ዓመት አለፈን፤
ለካ ያለ ውል፣ ያለ ቀብድ፣
ደረቴ ውስጥ ተከራይታ ኖራለች፤
አንድ ወር እንኳ ሳትከፍል።

የሦስተኛው ክፍል መብራት ወዲያው ጠፋ።
የልጁ እርሳስ ሲወድቅ በጨለማ ሰማሁ፤
ሊሾው ላይ ተንከባለለ፣ ማንም አላነሳውም።
በዚያችው ሌሊት አየሁት ማስተዋልን በበር፤
ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሳሉን ውጦ ነበር።

በማግስቱ ፒያሳ ወርጄ ሦስት ቆጣሪ ገዛሁ፣
ለየክፍሉ አንድ አንድ።
«ለደረት የሚሆን የለህም?» ብለው ሻጩን፣
ሳቀና «እሱን ሐኪም ቤት ጠይቅ» አለኝ።
ይታየውን ልጠይቀው አሰብሁ፤
ፈተና ላይ ነው፣ ተውሁት።

ቅዳሜ ዝናቡ ሲያባራ ጣሪያው ላይ ወጣሁ፤
ቆርቆሮውን በሬንጅ፣ እንደ አሮጌ ኮት ጠቀምሁት።
ከታች ጥሩወርቅ ባልዲዎቹን ትቆጥራለች፣
ማስተዋል መሰላሉን ይዞልኛል።
ቀና ብሎ፣ «ጋሽ ዋሴ» አለኝ፣ «የዚህን ወር
እስከ ሃያ ትታገሠኛለህ?»

መሰላሉ በእሱ እጅ ነው።
ወደ ታች አየሁ፣ ሳሌን ዋጥሁና፣
«እስከ አስራ ስምንት» አልሁት።